ሙያዊ ምክር በፖለቲካ አማካሪ እጅ ሲያልፍ፦ በወሎ ወረዳና ዞን መሥሪያ ቤቶች ለሚሠሩ ባለሙያዎች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በደቡብና በሰሜን ወሎ ዞኖች፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤትም ሆነ በዞን መምሪያ፣ ለኃላፊዎች የውሳኔ ሐሳብ እያዘጋጁ ለሚያቀርቡ ባለሙያዎች ነው። በግብርና፣ በውኃ፣ በጤና፣ በመሬት አስተዳደር ወይም በፕላን ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ የሚጽፈው ማስታወሻ ከጠረጴዛው ተነሥቶ አስተዳዳሪው ወይም ካቢኔው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በሌሎች ሰዎች እጅ ያልፋል፤ ከእነዚህም ዋነኛው የፖለቲካ አማካሪው ነው። አማካሪው በማስታወሻው ላይ አስተያየት መስጠቱ ጥፋት አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው የእርሱ አስተያየት ከባለሙያው ግኝት ጋር ተቀላቅሎ፣ የቱ የማን እንደሆነ ሳይለይ፣ በአንድ ፊርማ ሲቀርብ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር ሁሉ ዓላማው አንድ ነው፤ ሁለቱ ምክሮች ሳይደባለቁና ሳይሸራረፉ ወሳኙ ፊት እንዲደርሱ ማድረግ።

ለወሎ ሰው ይህ የቢሮ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ ሲያጥር የግብርና ሚኒስቴር የሰብል ዳሰሳ የምርት ጉድለቱን አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። በ1965 ዓ.ም. በልጉም ሲከሽፍ የተራቡ ገበሬዎች ወደ አውራ ጎዳናው ወጥተው መኪና እያስቆሙ ምግብ መለመን ጀመሩ። በሚያዝያ ወር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ረሀቡን ለዓለም አሳየ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት ግን በኅዳር 1966 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሞተው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። መረጃው ከታች አልጠፋም፤ የጠፋው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላም የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች ገልጾ ሳለ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በደመቀ ሁኔታ ተከበረ፤ በቀጣዩ ወር በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም በዓለም ቴሌቪዥን ታየች። ስለዚህ በዚህ አገር የምክር ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ብዕሩን ሲያነሣ ይህን ታሪክ ማስታወስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

አማካሪውን በትክክል ማወቅ

በክልልና በዞን ደረጃ «አማካሪ» የሚል ስም ያለው ተሿሚ ሊኖር ይችላል። በወረዳ ግን ሥራውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ሌላ መጠሪያ ያለው ሰው ነው፤ የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊው፣ የፓርቲው ቅርንጫፍ ኃላፊ፣ የኮሙኒኬሽን ኃላፊው፣ አንዳንዴም ምንም ሹመት የሌለው ነገር ግን አስተዳዳሪው የሚሰማው ሰው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «አማካሪ ማነው?» ሳይሆን «የእኔ ወረቀት ወሳኙ ጋ ከመድረሱ በፊት ማን ያነበዋል? ማንስ ሊያስቀረው ይችላል?» የሚለው ነው። በንጉሡ ዘመን የጽሕፈት ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ ከፍተኛ ሥልጣን የነበረው፣ ወደ ንጉሡ የሚገባውና ከንጉሡ የሚወጣው ወረቀት በእጁ ስለሚያልፍ ነበር። በዛሬው የወረዳ ቢሮም ኃይል የሚገኘው በዚያው መንገድ ነው።

አማካሪው ባለሙያው የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ መቀበል ያስፈልጋል። እንበልና አንድ የመስኖ ባለሙያ ከወንዙ የላይኛው ክፍል አዲስ ቦይ ቢጠለፍ ምን ያህል ሄክታር እንደሚለማ አስልቶ አቀረበ። አማካሪው ደግሞ በላይኛውና በታችኛው ቀበሌ መካከል በውኃ ምክንያት ደም ፈስሶ እንደነበር፣ በአበጋሮች፣ ማለትም በወሎ ባህላዊ አስታራቂዎች፣ እና በሃይማኖት አባቶች ሽምግልና ገና እንደበረደ፣ ቦዩ ሳይመከርበት ቢቆፈር ነገሩ እንደሚያገረሽ ያውቃል። ይህ እውቀት ከሄክታሩ ስሌት አያንስም። ባለሙያው «ይህ ፖለቲካ ነው» ብሎ ቢንቀው ምክሩ ጎደሎ ይሆናል። አማካሪው ደግሞ ሽምግልናውን በራሱ ስም በመጻፍ ፈንታ የባለሙያውን ሄክታር ቢቀንሰው፣ አስተዳዳሪው መሬቱ አይለማም ብሎ ያምናል፤ ትክክለኛው ጥያቄ፣ ማለትም ሁለቱን ቀበሌዎች አስማምቶ ቦዩን መቆፈር ይቻላል ወይ የሚለው፣ ሳይነሣ ይቀራል።

ተጽዕኖው የሚገባባቸው በሮች

ብዙ ሰው የአማካሪ ጫና ሲባል የሚታየው ቁጥር አስለውጦ ማስፈረም ነው። እንዲህ ያለው አለ፤ ግን የተለመደው ከዚህ የረቀቀ ነው።

የመጀመሪያው በር ጥያቄው ራሱ ነው። ማዳበሪያ ዘግይቶ በደረሰበት ወረዳ «ማዳበሪያው ለምን ዘገየ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ወደ ግዥው፣ ወደ ማጓጓዣውና ወደ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ይሄዳል። ጥያቄው «ገበሬው የቀረበለትን ማዳበሪያ ለምን አልወሰደም?» ተብሎ ሲመራ ግን ጥናቱ ገና ሳይጀመር ተጠያቂው ገበሬው ሆኗል። ስለዚህ ባለሙያው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ምሪቱን በጽሑፍ ይቀበል። በቃል ከታዘዘም የተረዳውን ጥያቄ በሁለት መስመር ጽፎ «በዚህ መልኩ ተረድቼዋለሁ» ብሎ ለኃላፊው ያሳውቅ። ጥያቄው መልሱን አስቀድሞ የያዘ ከመሰለው፣ እምቢ ማለት አያስፈልገውም፤ የተጠየቀውን ከመለሰ በኋላ «ከዚሁ ጋር ተያይዞ መታየት ያለበት» በሚል ንዑስ ርእስ የተተወውን ጥያቄ ይጨምር።

ሁለተኛው የማስረጃ ምርጫ ነው። እውነተኛ ቁጥር ብቻውን ሲቆም ሊያሳስት እንደሚችል ከወሎ የበለጠ የሚያስተምር ቦታ የለም። በ1965 ዓ.ም. ሕዝቡ እየረገፈ ሳለ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህል እንደነበረም ተዘግቧል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በኋላ እንዳሳየው፣ ገበሬው የተራበው ሰብሉ ሲጠፋበት የሚገዛበትም ገንዘብ ስላጣ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ አማካሪ «ገበያው የተረጋጋ ነው» ብሎ ቢጽፍ ቃሉ ውሸት አይባልም፤ ጥፋቱ ግን ከውሸት አያንስም። ዛሬም በወረዳ የሚሠራ ባለሙያ የእህል ዋጋ ሲያቀርብ ለብቻው አያቅርበው፤ የከብት ዋጋን አጠገቡ ያስቀምጥ። አንድ በግ ተሸጦ ስንት ኪሎ ገብስ ይገዛል? ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር ስንት ይገዛ ነበር? የቀን ሠራተኛ በአንድ ቀን ደመወዙ ስንት ኪሎ ይሸምታል? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ ሠንጠረዥ ከተመለሱ «ገበያው ተረጋግቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብቻውን ሊቆም አይችልም።

ሦስተኛው በር ቃሉ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው። በልግ አብቃይ በሆነ የደጋ ወረዳ፣ እንደ ለጋምቦ፣ ደላንታ ወይም ግዳን ባለ ቦታ፣ የሚሠራ ባለሙያ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «በልግ ከሚዘሩት ቀበሌዎች በሰባቱ ገብሱ ሳያሽት ደርቋል። ባለሙያዎች ከሚያዝያ 20 እስከ 25 በአካል ተገኝተው አይተዋል። እርዳታ እስከ ሐምሌ ካልደረሰ ገበሬው የእርሻ በሬውን መሸጥ ይጀምራል።» ይህ ጽሑፍ ተስተካክሎ ሲመለስ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በአንዳንድ ቀበሌዎች የበልግ ዝናብ መቆራረጥ የታየ ሲሆን፣ ጉዳዩ በቅርበት ክትትል እየተደረገበት ይገኛል።»

ሁለተኛው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ዝናቡ በእርግጥ ተቆራርጧል፤ ክትትልም ይደረግ ይሆናል። ነገር ግን «አንዳንድ» የሚለው ቃል ሰባቱን ቀበሌዎች ውጧል። «ደርቋል» ወደ «መቆራረጥ» ሲለወጥ በሰብሉ ላይ የደረሰው ጉዳት ወደ ሰማዩ ጠባይ ተዛውሯል። የታየበት ቀንና ያየው ሰው ጠፍተዋል፤ ስለዚህ ማንም «ማን አየው?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። ከሁሉም በላይ «እስከ ሐምሌ» የሚለው ወጥቷል። ይህን የሚያነብ አስተዳዳሪ ምንም ባያደርግ አይፈረድበትም፤ እንዲወስን የቀረበለት ነገር የለምና። በሬው ከተሸጠ ደግሞ ለመጪው መኸር የሚያርስ የለም፤ የአንድ ወቅት ጉዳት የሁለት ዓመት ይሆናል።

ከዚህ የሚወሰደው ሥርዓት ግልጽ ነው። በማስታወሻው ውስጥ ቁጥሩ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ያየው ወይም ያደረገው ሰው፣ እና ካልተሠራ የሚከተለው ነገር አይነኩም። የቀረው ይደራደራል። የአክብሮት አገላለጹ፣ የአንቀጾቹ ቅደም ተከተል፣ ርዝመቱ፣ አስተዳዳሪውን የሚያስከፋ ሹል ቃል ካለ እሱም ይስተካከል። ባለሙያው በእነዚህ ላይ ለጋስ ሲሆን በአምስቱ ላይ መጽናቱ እልኸኛነት ተደርጎ አይታይበትም።

አራተኛው በር ጊዜ ነው፤ ማስታወሻው «ከስብሰባው በኋላ ይታያል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። መድኃኒቱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ውሳኔው እስከ መቼ መሰጠት እንዳለበትና ከዚያ በኋላ ቢሰጥ ለምን እንደማይጠቅም መጻፍ ነው። ለውሳኔ የቀረበ ጉዳይ ቀነ ገደብ ከሌለው ማንም ሳይጠየቅ ሊያዘገየው ይችላል።

ከአማካሪው ጋር መነጋገር

አማካሪውን መሸሽ አይበጅም። ረቂቁ ከማለቁ በፊት ሄዶ ማነጋገር፣ ካቢኔው ስለ ምን እንደሚጨነቅ፣ ለሕዝቡ ምን ቃል እንደተገባ መጠየቅ ምክሩን ያበለጽጋል። ነገር ግን አንድ ቅደም ተከተል ይጠበቅ፤ ባለሙያው መጀመሪያ ያየውን ጽፎ፣ ቀን አስፍሮበት፣ ለአንድ የሥራ ባልደረባው አሳይቶ ከጨረሰ በኋላ ይሂድ። ምክንያቱም ከአማካሪው ጫና የሚበልጠው ባለሙያው «ይህን አይወዱትም» ብሎ ገና ማንም ሳይናገረው በራሱ ላይ የሚጭነው ጫና ነው። አማካሪው ያልጠየቀውን የሚያለዝብ ባለሙያ ካለ፣ የትኛውም ደንብ ሊያድነው አይችልም።

ከአማካሪው ጋር በስልክ የሚደረገው ንግግር ብዙውን ጊዜ በጨዋ ቃል ነው የሚጀምረው። አማካሪው «ይህን ‹ደርቋል› የሚለውን ‹ተጎድቷል› ብትሉት ምን ይላል? የግምገማው ስብሰባ ቀርቧል፤ አስተዳዳሪው ላይ ጫና ይበዛል» ሊል ይችላል። ተገቢው መልስ ቁጣም ዝምታም አይደለም። «ጫናው ይገባኛል፤ እሱን እርስዎ በራስዎ አስተያየት ቢያስቀምጡት አስተዳዳሪው ይጠቀሙበታል። ሰብሉን ግን ያየነው ደርቆ ነው፤ ተጎድቷል ካልኩ ገና ይድናል ማለት ይሆንብኛል» ማለት ይቻላል። በዚህ መልስ ውስጥ አማካሪው አልተነቀፈም፤ የሚናገርበት ቦታም ተሰጥቶታል። ይህም ቦታ ከማስታወሻው ጋር የሚያያዝ «የአማካሪ አስተያየት» የተባለ የተለየ ገጽ ነው። በዚያ ገጽ ላይ አማካሪው ስብሰባው መቅረቡን፣ መረጃው አሁን ቢወጣ ሊያስከትል የሚችለውን፣ ከጎረቤት ወረዳ ጋር ሊነሣ የሚችለውን ንጽጽር ሁሉ ይጻፍ፤ ይፈርምበትም። እንዲህ ያለ ገጽ ባልተለመደበት መሥሪያ ቤት ባለሙያው ራሱ በማስታወሻው መጨረሻ «ከጽሕፈት ቤቱ የተሰጠ አስተያየት» ብሎ በቅንነት፣ ሳያጣምም ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ከመሸኘቱ በፊትም ለአማካሪው አሳይቶ «ሐሳብዎን በትክክል ገልጬዋለሁ?» ብሎ ይጠይቅ።

አማካሪው በቃል ብቻ እየገፋ ከቀጠለ «ማሻሻያውን በጽሑፍ ቢልኩልኝ በዚያው መሠረት አያይዤ አቀርባለሁ» ማለት ይበቃል። ብዙ ማሻሻያ እዚህ ላይ ይቆማል።

መዝገብ ቤት የማያውቀው ምክር

ዛሬ ረቂቅ የሚዘዋወረው በቴሌግራም ነው። ለፍጥነት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በዎርድ የተላከ ማስታወሻ በማን እጅ እንደተለወጠ ማወቅ አይቻልም፤ የባለሙያው ስምም ከሥሩ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የመጨረሻው ማስታወሻ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ በመዝገብ ቤት ወጪ ቁጥርና ቀን አግኝቶ ይሂድ፤ በስልክ መላክ ካስፈለገም የተፈረመው በፒዲኤፍ ይላክ። ግልባጩ በጉዳዩ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። በስልክ ወይም በአካል የተሰጠ አስተያየት ካለም በዚያው ቀን አጭር የፋይል ማስታወሻ ይጻፍበት፦ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ፣ ምን እንደተመለሰለት።

በቃል ብቻ የተነገረ ምክር ምን እንደሚሆን የአውስትራሊያው ጉዳይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001፣ ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በጀልባ የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች ልጆቻቸውን ወደ ባሕር እንደወረወሩ የመንግሥት ሚኒስትሮች ተናገሩ፤ ማስረጃ ተብለው ፎቶግራፎችም ወጡ። ፎቶግራፎቹ ጀልባዋ በማግሥቱ ስትሰምጥ የተነሡ እንጂ የተባለውን እንደማያሳዩ የመከላከያ ሰዎች ለሚኒስትሩ አማካሪዎች ነግረዋል፤ እርማቱ ግን ከምርጫው በፊት ለሕዝብ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2002 የአገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲመረምር መንግሥት አማካሪዎቹ ቀርበው እንዲመሰክሩ አልፈቀደም። ሠራተኛው ተናገረ፣ አማካሪው ሰማ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አልተነገረኝም አለ፤ በእነዚህ ሦስት መካከል ቁጥር ያለው ወረቀት ቢኖር ኖሮ ክርክሩ አጭር በሆነ ነበር።

ውሳኔው ከምክሩ ሲለይ

አስተዳዳሪው ወይም ካቢኔው ሁለቱንም ገጾች አንብቦ ከባለሙያው ምክር የተለየ ውሳኔ ቢወስን ሥልጣኑ ነው፤ ተጠያቂነቱም የእርሱ ነው። ሕጋዊ እስከሆነ ድረስ ባለሙያው ውሳኔውን በሙሉ ልብ ያስፈጽም፤ ምክሬ አልተሰማም ብሎ ሥራ ማዳከም ወይም ወረቀቱን በጓሮ በር ማውጣት ቀጣዩን ምክር ሰሚ ያሳጣዋል። ሕገ ወጥ የመሰለው ትእዛዝ ከሆነ ግን ትእዛዙን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የሕግ ክፍል አስተያየትም እንዲታከልበት ያመልክት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ዜጎች በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ እንዲጠይቁ መብት ይሰጣል። የሚጽፉትን ሁሉ አንድ ቀን የቀበሌው ገበሬ ሊያነበው እንደሚችል አስቦ መጻፍ ብዙ ነገር ያስተካክላል።

ይህን ለሚያነቡ ኃላፊዎችና አማካሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። በእንግሊዝ አገር የሚኒስትሮች ልዩ አማካሪዎች ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የሕዝብ ገንዘብ ወጪ እንዳይፈቅዱና ቋሚ ሠራተኞችን እንዳያስተዳድሩ ከልክሏቸዋል፤ የሥነ ምግባር ደንባቸውም በቋሚ ሠራተኞች ምክር ላይ አስተያየት መስጠት ይችላሉ፣ ማፈን ወይም በራሳቸው መተካት ግን አይችሉም የሚል ድንጋጌ ይዟል። ይህን በወሎ ሥራ ላይ ለማዋል አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። አስተዳዳሪው ማስታወሻ ሲቀርብለት «ባለሙያው መጀመሪያ የጻፈው የትኛው ነው?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ቢኖረው፣ በወር ጊዜ ውስጥ ወረቀቶቹ ተለያይተው መቅረብ ይጀምራሉ።

በመጨረሻ፣ ኃላፊም አማካሪም በየጊዜው ይለወጣሉ፤ በርክክብ ጊዜ ተሽከርካሪና ወንበር ይቆጠራል እንጂ ምክር አይቆጠርም። ባለሙያው የመጀመሪያውን ማስታወሻ፣ የአማካሪውን ገጽና የውሳኔውን ቃለ ጉባኤ በአንድ ፋይል አስሮ ለአዲሱ ኃላፊ ያስረክብ። የሚቀጥለው ዓመት የበልግ ግምገማ ሲጻፍም የመጀመሪያው ገጽ ባለፈው ዓመት ምን ተገምቶ እንደነበር፣ አማካሪው ምን እንዳለ፣ በሐምሌና በነሐሴ በየቀበሌው በእርግጥ ምን እንደሆነ ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ የባለሙያውም የአማካሪውም ግምት በዚያው ሠንጠረዥ ይመዘናል።